በሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ሲቲ ስካን፣ የጨረር መጠንን በሰውነት ግዝፈት እንዴት እናሰላለን?

ሲቲ ስካኑ ሲያልቅ ማሽኑ የሚያወጣው ቁጥር፣ ሲቲዲአይ-ቮል፣ ታካሚው የወሰደው ጨረር አይደለም። በዚያው አሠራር 32 ሳ.ሜ ዲያሜትር ያለው የፕላስቲክ ሲሊንደር፣ ማለትም ፋንተም፣ ቢነሣ የሚደርስበትን መጠን ነው የሚነግረን። ቀጭን ሰው ጨረሩን የሚያግድለት ሥጋ ስለሚያንሰው በአማካይ የሚደርሰው ከተጻፈው ይበልጣል፤ በጣም ግዙፍ ሰው ላይ ደግሞ ያንሳል። ይህን የሚያስተካክለው ስሌት ኤስኤስዲኢ ይባላል። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2011 እ.ኤ.አ. በሪፖርት ቁጥር 204 አውጥቶታል።

1. የዶዝ ሪፖርቱን (ማሽኑ የጨረር መጠኑን የሚያሳይበትን ገጽ) ይክፈቱና የደረቱን ቅኝት ሲቲዲአይ-ቮል በሚሊግሬይ፣ ማለትም በጨረር መጠን መለኪያ፣ ይመዝግቡ። የስካውቱን፣ ማለትም ከዋናው ቅኝት በፊት ለማቀጃ የሚነሣውን ምስል፣ መስመር አይውሰዱ። ከጎኑ የተጻፈው ፋንተም 32 ሳ.ሜ መሆኑን ያረጋግጡ፤ 16 ሳ.ሜ ከሆነ ከታች ያሉት ማባዣዎች አይሠሩም።

2. በቅኝቱ መሐል ያለውን ምስል ይምረጡ። ከቆዳ እስከ ቆዳ፣ ከፊት ወደ ኋላና ከጎን ወደ ጎን በሳ.ሜ ይለኩ። ሁለቱን አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ፤ ውጤቱ ዲያሜትሩ ነው።

3. ማባዣውን ይፈልጉ፦ ለ20 ሳ.ሜ 1.78፣ ለ25 ሳ.ሜ 1.48፣ ለ30 ሳ.ሜ 1.23፣ ለ35 ሳ.ሜ 1.02፣ ለ40 ሳ.ሜ 0.85። በመካከል ላለ ቁጥር እንደ ርቀቱ ያመጣጥኑ።

4. ሲቲዲአይ-ቮሉን በማባዣው ያባዙ።

ለምሳሌ ደረቱ 24 በ34 ሳ.ሜ የሆነ ሰው ዲያሜትሩ 28.6፣ ማባዣው 1.30 ነው። ማሽኑ 1.5 ሚሊግሬይ ካለ ግምቱ 1.95 ይሆናል።

ለሆድ ቢሆን እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ደረት ግን ውስጡ አየር ነው። ከቆዳ እስከ ቆዳ የተለካው ስፋት ሳንባን እንደ ሥጋ ስለሚቆጥረው ሰውየውን ከእውነተኛው በላይ ያወፍረዋል፤ ግምቱም ያንሳል። ስለዚህ ለሳንባ ምርመራ ከውሃ ጋር የተመጣጠነውን ዲያሜትር፣ ማለትም ጨረሩን እንደ አካሉ የሚያግድ የውሃ ሲሊንደር ዲያሜትርን፣ መጠቀም ይሻላል፤ የማኅበሩ የ2014 ሪፖርት ቁጥር 220 የሚያብራራው ይህንኑ ነው። በዚያው ምስል ላይ መላውን አካል የሚከብብ መስመር ይሥሩ። የውስጡን ስፋት በካሬ ሳ.ሜ፣ አማካይ ሃውንስፊልዱንም (ውሃ 0፣ አየር −1000 የሚሆንበትን የሲቲ መለኪያ) ያንብቡ። ሃውንስፊልዱን ለ1000 አካፍለው 1 ይደምሩ፣ በስፋቱ ያባዙ፣ ለ3.14 ያካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን ወስደው በ2 ያባዙ። በምሳሌው ስፋቱ 641፣ አማካዩ −250 ቢሆን ዲያሜትሩ 24.7፣ ማባዣው 1.49፣ ግምቱ 2.24 ሚሊግሬይ ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ቅኝት፣ 15 በመቶ ልዩነት።

በብዛት የሚያሳስተው የተቆረጠ ምስል ነው። የሳንባ ምስሎች ብዙ ጊዜ ሳንባው ላይ ብቻ ተጠብበው ስለሚዘጋጁ የቆዳው ጠርዝ ከምስሉ ውጭ ይቀራል፤ ያኔ ስፋቱ ያንስና ግምቱ ያለአግባብ ያድጋል። በሰፊ የእይታ ክልል የተዘጋጀ ምስል ይጠቀሙ። የሠሩት መስመር አልጋውን እንዳያካትትም ይጠንቀቁ። ከስካውት ምስል የሚለኩ ከሆነ ደግሞ የታካሚው አቀማመጥ ወሳኝ ነው፦ ከማሽኑ መሐል ወጥቶ ወደ ኤክስሬይ ቱቦው የቀረበ ሰው ሰፍቶ ይታያል። አውቶማቲክ የኤክስሬይ መቆጣጠሪያውም በዚሁ ይሳሳታል።

ኤስኤስዲኢ ግምት ነው፤ በሪፖርት 204 አሠራር 20 በመቶ ገደማ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ መጻፍ አያስፈልግም። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ 170 ሳ.ሜ ቁመትና 70 ኪሎ ላለው ሰው ያስቀመጠው የ3 ሚሊግሬይ ጣሪያም የሲቲዲአይ-ቮል እንጂ የኤስኤስዲኢ አይደለም፤ የተስተካከለውን ቁጥር ከዚያ ጋር አያወዳድሩ። በቅኝቱ ርዝመት አባዝተው ወደ ሚሊሲቨርት (በመላ አካል ላይ የሚያስከትለውን አደጋ ወደሚገልጸው የጨረር መለኪያ) ለመቀየርም አይጠቀሙበት፤ ለዚያ የሚውሉት ማባዣዎች የተሠሩት ላልተስተካከለው ቁጥር ነው።