የኤሌክትሮኒኩን ድምፅ ከጊታሩ ማውጣት፦ ብቻውን ለሚሠራ የዘፈን ደራሲ

ብቻውን ዘፈን የሚደርስና የሚቀርጽ ሙዚቀኛ አኮስቲክ ጊታርን ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር ለማዋሐድ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከመነሻው ነው። ጊታሩንና ድምፁን ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ከሌላ ቦታ ያገኘውን የከበሮ ምትና የሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) ድምፅ ይደርብበታል፤ ውጤቱም የማይተዋወቁ ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ የሚጫወቱ ይመስላል። እዚህ የማቀርበው አሠራር መነሻው ሌላ ነው፤ የኤሌክትሮኒኩ ክፍል በተቻለ መጠን ከራሱ ከጊታሩና ከዘፋኙ ቅጂ ተቆርጦና ተለውጦ ይወጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1948 የባቡር ድምፆችን ቀርጾ፣ ቅጂውን እየደጋገመና ፍጥነቱን እየለወጠ ሙዚቃ የሠራው በሸክላ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ሥራ ማንኛውም የቀረጻ ሶፍትዌር በጥቂት ደቂቃ ያከናውነዋል።

ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ዘፈኑን በአንድ ጊታርና በድምፅዎ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጨርሱት። ያላለቀ ዜማ በማሚቶና በሲንተሳይዘር ሲሸፈን ለጥቂት ቀናት ያማረ ይመስላል፣ በኋላ ግን ድክመቱ ይወጣል። ዘፈኑን ደጋግመው ሲጫወቱ ጊታሩ ብቻውን የሳሳባቸውን ቦታዎች በግጥሙ ወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ የኤሌክትሮኒኩ ድምፅ የሚገባው እነዚያ ቦታዎች ላይ ነው።

ቀጥሎ ስለ ቴምፖ፣ ማለትም በደቂቃ ስለሚመቱት ምቶች ብዛት፣ መወሰን ያስፈልጋል። በኋላ የሚደጋገሙ ምቶችን ለመጨመር ካሰቡ በሜትሮኖም (ምቱን እኩል እየቆጠረ በሚያሰማ መሣሪያ) መቅረጽ ሥራውን ያቀልላል፤ ሆኖም ደረቁ የሜትሮኖም ጠቅታ አጫዋወትን ስለሚያደርቅ በምትኩ ለስለስ ያለ የከበሮ ምት በጆሮ ማዳመጫ ማሰማት ይሻላል። ለዝግተኛ ዘፈን ግን እኔ በነፃነት ተጫውቶ፣ የሶፍትዌሩን ቴምፖ በኋላ ከቅጂው ጋር ማስማማትን እመርጣለሁ። አብዛኞቹ ሲንተሳይዘሮች ኤ የተባለውን ኖታ በ440 ኸርዝ አስተካክለው ስለሚመጡ ጊታሩን ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት በመቃኛ መሣሪያ ይቃኙት፤ ካፖ (በአንገቱ ላይ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ካሰሩበት ክሮቹ ትንሽ ስለሚከርሩ ከታሰረ በኋላ እንደገና ይቃኙ።

ሲቀርጹ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ይምረጡ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ−12 እስከ −10 ዴሲቤል ላይ (ጣሪያው 0 ነው) ቢያርፍ በቂ ነው። ማይክሮፎኑን ከጊታሩ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቀው ወደ 12ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት መስመር) አካባቢ ያነጣጥሩት፤ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ካዞሩት ወፍራሙ ድምፅ ያይላል። ክፍሉ በመጋረጃና በብርድ ልብስ ቢታፈን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከቅጂው ጋር የገባ የክፍል ማሚቶ በቀላሉ አይወጣም፣ ድምፁ ሲቆራረጥም ማሚቶው አብሮ ተቆርጦ ያስቀይማል። ጊታሩንና ድምፅዎን ለየብቻ ይቅረጹ።

ዘፈኑ ከተቀረጸ በኋላ ማይክሮፎኑን ሳያነሡ አሥር ደቂቃ ያህል ለጥሬ ዕቃ ይስጡ። አንድ አንድ ኖታ መትተው እስኪጠፋ ድረስ ይጠብቁት፣ የጊታሩን ሆድ በጣትና በመዳፍ ያንኳኩት፣ ክሩን በጥፍር ይፋቁት፣ አንድ አናባቢ ትንፋሽዎ እስኪያልቅ ይያዙ፣ ትንፋሹን ራሱን ይቅረጹት። ከሌላ ሰው ቅጂ ድምፅ ቆርጦ የሚወስድ ሙዚቀኛ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል፤ የራስዎ ጥሬ ዕቃ ግን ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ዋናው ሙከራ እዚህ ላይ ይጀምራል። በመዳፍ የተንኳኳውን ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያድርጉትና ቀጭኑን ክፍል በፊልተር ይቁረጡ፤ ከሥሩ 55 ኸርዝ አካባቢ አጭር የሳይን ሞገድ ሲጨመርበት ከጊታሩ እንጨት የወጣ ትልቅ ከበሮ ያገኛሉ። ትንፋሹን ከ5 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ቢቆርጡለት የጸናጽልን ቦታ ይይዛል። የሰው ጆሮ ጊታርን ጊታር ነው ብሎ የሚለየው በአብዛኛው ክሩ በሚመታበት ቅጽበት ስለሆነ፣ የአንዱን ኖታ መጀመሪያ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ቆርጠው ቀሪውን ቀስ ብሎ እንዲገባ ቢያደርጉት ወደ ኦርጋን የተጠጋ ድምፅ ይሆናል። ይህንኑ ኖታ ድምፅን ከ10 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ወደሚደርሱ ቅንጣቶች በሚበትን የግራኑላር መሣሪያ ሲያስረዝሙት፣ ሁለት ሰከንድ የነበረው ድምፅ ሙሉ ስንኝ የሚሸከም ዳራ ይወጣዋል። ወደ ኋላ የተገለበጠ ኮርድም ወደ አዝማች ለመግባት ጥሩ በር ነው፤ መጨረሻው በትክክል በአዝማቹ የመጀመሪያ ምት ላይ ማረፍ አለበት። ኖታውን ሳምፕለር (የተቀረጸ ድምፅን በተለያየ ከፍታ የሚያጫውት መሣሪያ) ላይ ጭነው በኪቦርድ ሲጫወቱት ከአራት ወይም ከአምስት ሴሚቶን በላይ ከፍ ካለ የመጫወቻ ድምፅ ይመስላል፤ አንዳንዴ የሚፈለገው ይኸው ሊሆን ይችላል።

የዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም መሣሪያ) ጊዜን በግምት አይተዉት። 60,000ን ለቴምፖው ሲያካፍሉ የአንድ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይወጣል፤ በ90 ቴምፖ 667 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ 500 ነው። ይህ ሦስት አራተኛ በዜማው ክፍተቶች ውስጥ ስለሚገባ ለጊታር እጅግ ይስማማል። ዲሌይንና መሰል የድምፅ ለውጦችን እየሰሙ በቀጥታ መቅረጽ ከፈለጉ የኮምፒውተሩን መዘግየት ይመልከቱ፤ ባፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስኬዱ በፊት የሚያጠራቅምበት ማቆያ) 128 ሳምፕል ሲሆን መዘግየቱ በአንድ በኩል 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፣ 1,024 ላይ ግን ወደ 21 ያድጋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ የ21 ሚሊሰከንድ መዘግየት ሰባት ሜትር ርቆ ከቆመ ጊታር ጋር እንደ መዝፈን ነው።

የወደዱትን ለውጥ ወዲያውኑ ወደ ድምፅ ፋይል ቀይረው ያስቀምጡት፤ ቅንብሩን ክፍት ከተዉት ለወራት ሲነካኩት ይኖራሉ። ጥሬውን ቅጂ ግን በምንም ምክንያት አያጥፉ። እኔ አንድ ጊዜ አጥፍቼ ዘፈኑን ከሥሩ ለመቅረጽ ተገድጃለሁ።

በሚክሲንግ (ድምፆቹን በማመጣጠን) ጊዜ የሚያጣላው በዋናነት ዝቅተኛው ድምፅ ነው። የጊታር ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ላይ ስለሚጀምር፣ ከሥር የሲንተሳይዘር ቤዝ ካለ ጊታሩን ከ100 ኸርዝ ገደማ በታች ይቁረጡት። ሁሉንም በመጠን ወደ አንድ ሪቨርብ (የክፍል ማሚቶ የሚፈጥር መሣሪያ) ቢልኳቸው በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ዳራው ዘፋኙ በሚዘፍንበት ጊዜ ሁለት ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ኮምፕረሰሩን (ድምፅ ሲያይል ዝቅ የሚያደርገውን መሣሪያ) በዘፋኙ ድምፅ ማዘዝ ይቻላል። ከዚያ እያንዳንዱን የኤሌክትሮኒክ ድምፅ በየተራ ዝም እያሰኙ ያዳምጡ፤ ሲጠፋ የማይናፍቅ ከሆነ ይውጣ። በዚህ ፈተና እኔ ከሠራኋቸው ድምፆች ግማሽ ያህሉ ይወድቃሉ። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ስለሚያስተካክል ከልክ በላይ ማስጮኹ ጥቅም የለውም።

መድረክ ላይ ሁሉንም ለመቆጣጠር አይሞክሩ፤ ሁለት እጆችዎ ጊታሩ ላይ ስለሆኑ ለአንድ ዘፈን በእግር የሚረገጡ ሁለት ወይም ሦስት ትእዛዞች ይበቃሉ፣ ሜትሮኖሙም በእርስዎ ጆሮ ብቻ ይሰማ። በልምምድ ወቅት ቢያንስ አንዴ ኮምፒውተሩን በዘፈኑ መሐል ሆን ብለው ያጥፉትና ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው በጊታር ብቻ ይጫወቱ።