«የጾም ነው» አይበቃም፦ ዳቦ ቤት ውስጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ስሠራ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባች። «ወተት አይስማማውም፤ የጾም ኬክ አላችሁ?» አለች። «አለን» ብለን ሸጥንላት። ኬኩ ውስጥ በእርግጥ ወተት አልገባም። ሊጡ የተመታው ግን ጠዋት የፍስክ ክሬም በተመታበት ማሽን ነበር። ልጁ ከንፈሩ አብጦ ጤና ጣቢያ ደረሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ «የጾም»ን «ለአለርጂ አያሰጋም» ብሎ መረዳት። የጾም ማለት ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልጨመርንም ማለት ነው። ፓትራው ላይ የቀረውን አይመለከትም። እንዲያውም በሁዳዴ በወተት ፋንታ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ይገባል። እነሱም ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳሉ። ስለዚህ የጾሙን በታጠበ ዕቃ፣ ከፍስኩ በፊት ሥሩ።

ሁለተኛው «እሳት ይገድለዋል» ማለት ነው። እሳት የሚገድለው ጀርም ነው። አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲን ነው፤ ሕይወት የለውም፣ አይሞትም። ምድጃው 200 ዲግሪ ቢደርስም ኦቾሎኒው ኦቾሎኒ ነው። በረኪናም መፍትሔ አይደለም። ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያም ማለቅለቅ ነው የሚያዋጣው። በአንድ ጨርቅ ሁሉንም መጥረግ ደግሞ ማዳረስ ነው። የተሰነጠቀ የእንጨት ገበታም ለዚህ ሥራ ይቅር።

ሦስተኛውን ጎጃም ውስጥ ብዙ አያለሁ፤ የጤፍ ዳቦና ብስኩት ከስንዴው ጎን መሥራት። ጤፍ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የለውም፤ ለዚህም ነው ስንዴ የማይስማማው ሰው የሚፈልገው። «ግሉተን የለውም» ለሚባል ምግብ ዓለም አቀፉ ወሰን በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። የስንዴ ዱቄት በግምት አንድ አሥረኛው ግሉተን ነው። እንግዲህ 0.2 ግራም፣ ማለትም በጣት ቆንጠር የምታደርጉት ዱቄት፣ አንድ ኪሎ የጤፍ ዳቦ ያበላሻል! ዱቄት ደግሞ ከተበነነ ቶሎ አያርፍም። የጤፉን ማለዳ፣ የስንዴው ጆንያ ሳይፈታ ጨርሱ። ወፍጮ ቤቱንም ጠይቁ፤ ከጤፋችሁ በፊት ስንዴ ከተፈጨ ነገሩ ገና ከወፍጮው ተበላሽቷል።

ሻጯ እርግጠኛ ካልሆነች «አላውቅም፣ ጠይቄ ልምጣ» ትበል። ይህን በማለቷ ማንም እንዳይቆጣት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ከበላ በኋላ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ እንደ ልማዳችን ወተት አታጠጡት። ጠንቁ ራሱ ወተት ሊሆን ይችላል። ባጃጅ ጥሩና ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት።