ባንዱ ኳስ ሜዳ ሲገባ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቦብ ማርሊ የትም ሲሄድ ኳስ አትለየውም ነበር። የኮንሰርት ጉዞዎቹን ሲያስተባብርለት የነበረው ወዳጁ አለን ኮል ራሱ ለጃማይካ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ሰው ነው። ብራዚላዊው ዘፋኝ ቺኮ ቧርኬ ደግሞ ፖሊቴያማ የሚባል የራሱ ቡድን አለው። ማርሊ በማርች 1980 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሲገባ ጨዋታው የተካሄደው በዚሁ በቺኮ ሜዳ ላይ ነበር፤ በ1970 የዓለም ዋንጫን ያነሳው ፓውሎ ሴዛር ካጁም አብሯቸው ተሰልፏል።

ይህን የሰማ ባንድ ሁሉ “እኛም እንጫወት፣ ያቀራርበናል” ይላል። ያቀራርባል፤ አልክድም። እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ፣ ከባንዶች ጋር ብዙ ኳስ ተራግጫለሁ። ግን ኳሱ ለሙዚቃው የሚተርፈው ሲያውቁበት ብቻ ነው። ሳያውቁበት ሲቀር የሚሆነውንም አይቻለሁ።

ኳሱን የስኬት ምክንያት ማድረግ

ስፔናዊው ዘፋኝ ሁሊዮ ኢግሌሲያስ በወጣትነቱ የሪያል ማድሪድ ታዳጊዎች በረኛ ነበር። “ሜዳው ነው ለዚህ ያበቃው” የሚል አይጠፋም። ታሪኩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ በ1963 የመኪና አደጋ ደርሶበት ኳሱ ቀረ፣ ጊታር መነካካት የጀመረውም አልጋ ላይ ሆኖ ሲያገግም ነው። በ1968 የቤኒዶርምን የዘፈን ውድድር ሲያሸንፍ ጓንቱን ከሰቀለ ቆይቷል። ኳስ ነክተው የማያውቁ ስመ ጥር ባንዶች አሉ፤ በየሳምንቱ ተጫውተው የተበተኑም አሉ። ደካማ ዘፈን በቅብብል አይጠነክርም።

ዓይንን ኳስ የያዘው ላይ መትከል

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። በ90 ደቂቃ ውስጥ አንድ ተጫዋች ኳስ እግሩ ሥር የምትቆየው ቢበዛ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልቀው ያለ ኳስ በመሮጥ፣ ለጓደኛ ቦታ በመክፈትና ሌላው ጥሎት የሄደውን ክፍተት በመሸፈን ነው። ሙዚቀኛ ከሜዳ ይዞ ሊወጣ የሚገባው ይህንን ነው።

ሳክስፎኑ ሶሎ ሲገባ የሊድ ጊታሩ ሥራ ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ዝም ማለት ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ወደ ታች ወርዶ ቤዙ ያለበት ቦታ ላይ ሲርመሰመስ፣ ሁለት ተከላካዮች ለአንድ ኳስ ዘለው ግንባር ለግንባር እንደሚጋጩት ነው፤ ሁለቱም ድምፆች ይበላሻሉ። ድምፃዊው ግጥም ጠፍቶበት ወደ አዝማቹ ቢዘል ደግሞ ድራመሩ “ተሳሳትክ” ብሎ ዓይኑን ማፍጠጥ የለበትም። አብሮት ይዝለል። የመስመር ተከላካዩ ወደ ፊት ሲሄድ አማካዩ ማንም ሳይጠራው ቦታውን እንደሚሸፍነው ማለት ነው። አድማጩ ስህተት መኖሩንም ሳያውቅ ያልፋል።

ታዲያ አብዛኞቹ ባንዶች ሜዳ ላይ የሚያጨበጭቡት ለማን ነው? ሦስት ሰው በአብዶ አልፎ አራተኛው ላይ ኳስ ለሚያስነጥቀው ሆዳም! ይሄው ሰው በማግስቱ መድረክ ላይ የአራት ሜዠር ሶሎውን ወደ አሥራ ስድስት ቢያሳድግ ምን ይገርማል?

እኛ ያደረግነው ቀላል ነበር፦ ከሁለት ንክኪ በላይ የለም የሚል ሕግ አወጣን። በሁለት ንክኪ ለመጫወት ኳሷ ከመድረሷ በፊት ማን የት እንዳለ ማየት ግድ ይላል። ቀጥሎ በነበረው ልምምድ አንድ ዘፈን መርጠን ሁላችንም የምንጫወተውን ኖታ በግማሽ ቀነስን። የዚያን ቀን ከድምፃዊው ኋላ የሚዘፍኑት ተቀባዮች የሚሉት ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ!

የመድረክ ማዕረግን ሜዳ ይዞ መግባት

ድምፃዊው ሁልጊዜ አጥቂ ነው። ፍጹም ቅጣት ምትም የእሱ ነው። ማንም ጠንከር ብሎ አይገባበትም፣ ሲያስነጥቅም “ጥሩ ሐሳብ ነበር” ይባልለታል። የመኪናው ሾፌር ደግሞ ዘላለም በረኛ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ የነበረውን ደረጃ በላብ ማጽናት ነው። በዕጣ ተከፋፈሉ። አምስት ለአምስት ይበቃል፤ ሰው ሲያንስ የሚደበቅበት ቦታ የለም። የድምፅ ባለሙያውን፣ ተወዛዋዦቹን፣ ዕቃ ጫኞቹን ቀላቅሉ። በሜዳ ላይ “ወደዚህ!” ብሎ ድምፃዊውን የጠራ የድምፅ ባለሙያ፣ ማይክሮፎኑን ከስፒከሩ እንዲያርቅ ለመንገርም አይፈራም።

እንጀራ የሚገኘው በጣትና በጉሮሮ መሆኑን መርሳት

ጊታር፣ ኪቦርድ ወይም ቫዮሊን የሚጫወት ሰው በር ላይ አይቁም። ሸርተቴ ክልክል ይሁን። ድምፃዊ ከሰዓቱን “አቀብል!” ሲል ውሎ ማታ ከፍተኛውን ኖታ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ስለዚህ በኮንሰርቱ ቀንም ሆነ በዋዜማው ኳስ የለም። የዋን ዳይሬክሽን ባንድ ድምፃዊ የነበረው ሉዊ ቶምሊንሰን በ2013 የእንግሊዙ ክለብ ዶንካስተር ሮቨርስ ያስፈረመው፣ ለኳስ እንግዳ ያልሆነ ልጅ ነበር። እሱም ቢሆን በዚያው ዓመት በሴልቲክ ፓርክ በተደረገ የበጎ አድራጎት ጨዋታ ከፕሮፌሽናል ተጫዋቹ ገብርኤል አግቦንላሆር ጋር ተጋጭቶ ተጎድቶ ወጣ፤ ከሜዳው ዳር ሲያስመልሰውም ታየ። ለዓመታት በሙያው የኖረ ተጫዋች ሲገባባችሁ ቀልድ አይደለም።

ማርሊን “ኳስ ገደለው” የሚሉ አሉ። በ1977 ኳስ ሲጫወት የእግሩ አውራ ጣት ተጎዳ፤ በምርመራም ጥፍሩ ሥር ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ተገኘ። ጉዳቱ በሽታውን ያጋለጠ እንጂ የፈጠረው አልነበረም። ጣቱ እንዲቆረጥ ሲመከር አልተቀበለም፤ በሜይ 1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ከዚህ ለባንድ የሚሆነው ምክር ኳስን መፍራት ሳይሆን፣ አልድን ያለ ቁስልን ለኮንሰርት ጉዞ ሲባል ችላ አለማለት ነው።

የካሜራ ጨዋታን የቡድን ሥራ ማለት

የጣሊያን ዘፋኞች ከ1981 ጀምሮ የራሳቸው “ብሔራዊ ቡድን” አላቸው፤ ከ1992 ወዲህ ደግሞ “የልብ ጨዋታ” በሚሉት ግጥሚያ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ያሰባስባሉ። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ሮቢ ዊሊያምስ ከጓደኛው ጆናታን ዊልክስ ጋር በ2006 የጀመረው ሶከር ኤድ የተባለው ግጥሚያም ገቢው ለዩኒሴፍ የሚውል ነው። ሁለቱም የተመሰገኑ ናቸው። ግን እዚያ የሚሰለፉት ከየቦታው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ሲያልቅ ይበተናሉ። ባንዳችሁን የሚጠቅመው ማንም የማይቀርጸው የማክሰኞ ከሰዓት ጨዋታ ነው።

የገንዘብ ቅሬታን በኳስ ማለባበስ

የግጥምና የዜማው ድርሻ የማን ነው? የቅንብሩስ? ከኮንሰርት ገቢ ላይ የመኪናና የሆቴል ወጪ የሚነሳው ከመከፋፈሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ሥራ አስኪያጁ “ልጆቹ ተኳርፈዋል፣ ኳስ ይጫወቱ” ቢል ከንቱ ድካም ነው። አንድ ጊዜ በክፍፍሉ ቅር የተሰኘ የኪቦርድ ተጫዋች ከእኔ ጋር አንድ ቡድን ደረሰው። ጨዋታው እስኪያልቅ አንድም ኳስ አላቀበለኝም። ቅሬታው ምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ማልያዬን አውልቄ ሄድኩ፤ በማግስቱ ስቱዲዮ ስንደርስ ኪቦርዱ ከነመቆሚያው ተወስዷል።