የቤት ጥራጊን ሳይደባለቅ ስለ መያዝ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች

ባዶ የውኃ ፕላስቲክ፣ ደረቅ ካርቶንና የሽንኩርት ልጣጭ በየፊናቸው ሲቀመጡ ሦስቱም ፈላጊ አላቸው። በአንድ ፌስታል ታጭቀው ሁለት ቀን ካደሩ ግን ካርቶኑ ይርሳል፣ ፕላስቲኩ ይጨማለቃል፣ ልጣጩም ከስብርባሪ ጋር ተለውሶ ለማዳበሪያ የማይሆን ይሆናል። ጥራጊ ዋጋውን የሚያጣው በዚህ መደባለቅ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያንን ስለ መከላከል ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ም የቤተሰብ ኃላፊዎች መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለዩ ደንግጎ ነበር።

ለወሎ ቤት መለየት እንግዳ ነገር አይደለም። የጠላው አተላ ለላም፣ የጫቱ ገራባ ለፍየል፣ ባዶው ጣሳ ለመስፈሪያ ሲውል እያየን አድገናል። የተለወጠው ከሱቅ የምናመጣው ነው፤ ዛሬ ሳሙናው፣ ብስኩቱና ፓስታው ሁሉ በሽፋን ይመጣል፣ ሽፋኑን ደግሞ አፈር አያበሰብሰውም።

መጀመሪያ ክዳን ያለው ባልዲ ለእርጥቡ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጆንያ ለደረቁ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ አፉ ጠበቅ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ ለምላጭ፣ ለመርፌና ላለቀ ባትሪ ድንጋይ ልጆች በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ።

ብዙውን ጊዜ የሚበዛው እርጥቡ ስለሆነ፣ ትልቁ ትርፍም ያለው እዚያ ነው። በጓሮ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ጥላማ ቦታ ከልላችሁ ከሥር ገለባ ወይም የተቆራረጠ አገዳ አንጥፉ፤ በላዩ ልጣጩን፣ የጎመን ግንዱንና የቡና አተላውን፣ ቀጥሎ ከዚያ በርከት ያለ ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያም ትንሽ ፍግና ስስ አፈር እየደረባችሁ ከምሩ። በደሴ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ጉድጓድን ኩሬ ስለሚያደርግ በክረምት ከመሬት በላይ መከመር፣ በበጋ ደግሞ እርጥበት እንዲይዝ በጉድጓድ ማድረግ ይሻላል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ውሻና ጅብ ስለሚጠሩ አይግቡበት። በሳምንቱ ከመሃሉ አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ጨብጡት፤ በጣቶቻችሁ መካከል ውኃ ከተንጠባጠበ ገለባ ጨምሩ፣ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ውኃ አርከፍክፉ። መሃሉ ላይ የሰካችሁት እንጨት ሲወጣ ትኩስ ከሆነ መብላላቱ ጀምሯል ማለት ነው። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ከላይ ያለውን ወደ ታች እያገላበጣችሁ ከቆያችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቁር፣ የሚፈረፈርና ዝናብ ያገኘው አፈር የሚሸት ማዳበሪያ ይሆናል፤ ሞቅ በሚለው ኮምቦልቻ ከደሴ ቀድሞ ይደርሳል።

ለደረቁ ገዢው ራሱ ደጃችሁ ድረስ እየተጣራ ይመጣል። ፕላስቲኩን አጠብ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ነጥላችሁና በእግር ረግጣችሁ ጆንያው እስኪሞላ አከማቹ፤ ጥቂት ይዞ መደራደር ዋጋ ያሳጣል። ብረቱን ከአልሙኒየሙ ለመለየት ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል፦ ብረቱን ይስባል፣ አልሙኒየሙን አይነካውም። አልሙኒየም መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል 95 በመቶ ያህሉን ያድናል፤ ስለዚህ አሮጌ ድስት በአንድ የፕላስቲክ ኩባያ ለልዋጭ ከመስጠት በኪሎ መዝኖ ለቆራሌው መሸጥ ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

ፌስታልና የብስኩት ልባስ ገዢ ስለሌላቸው መቀነስ የሚቻለው ሲገዛ ነው፤ ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ያዙ፣ ዘይትም በራሳችሁ ጀሪካን አስቀዱ። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል ማንደድ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ጭሱን ግን ምድጃው ላይ የተጎነበሰችው እናትና ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ስለሚስቡት እባካችሁ ተዉት፤ ደረቅ ጭራሮ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በደሴ ተዳፋት ቦይ ውስጥ የተጣለውንም ጎርፉ ወደ ቦርከና ያወርደዋል፣ ቦርከናም በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዋሽ ይዞት ይሄዳል፤ ከወንዙ ዳር የሚግጡ ከብቶችም ይውጡታል።

የተሰበረ ብርጭቆ በወፍራም ካርቶን ጠቅልላችሁ አስሩና ለቆሻሻ ሰብሳቢ ወጣቶቹ በእጃቸው እየሰጣችሁ «ይህ ስባሪ ነው» በሏቸው፤ ብዙዎቹ ጆንያውን የሚያነሡት ያለ ጓንት ነው።