ጂሲሲንና ቢንዩቲልስን ከምንጭ ኮድ መገንባት

ጂሲሲ የሲና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድን የሚተረጉም ኮምፓይለር ነው፤ ቢንዩቲልስ ደግሞ አብረውት የሚሠሩ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። መጀመሪያ ቢንዩቲልስን ገንብታችሁ ጫኑ። አሰምብለሩ (የአሰምብሊ ኮድን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው) እና ሊንከሩ (የተገነቡ ክፍሎችን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገናኘው) ያሉት እሱ ውስጥ ነው፤ ጂሲሲ ሲዋቀር ያገኘውን አሰምብለር አቅም ፈትሾ ስለሚወስን ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በአሮጌው አሰምብለር ልክ ይሠራል። ለሁለቱም አንድ የመጫኛ ፎልደር ስጡ።

ጂሲሲ ጂኤምፒ፣ ኤምፒኤፍአርና ኤምፒሲ የተባሉትን የሂሳብ ላይብረሪዎች ይፈልጋል። በጂሲሲ ምንጭ ኮድ ኮንትሪብ ፎልደር ውስጥ ያለው ማውረጃ ስክሪፕት የሚስማሙትን ቅጂዎች ያመጣል፤ አንድ በአንድ ከመልቀም በእጅጉ ይሻላል።

ኮንፊገርን (ግንባታውን የሚያዋቅረውን ስክሪፕት) ምንጭ ኮዱ ውስጥ ሆናችሁ አታስኬዱ፤ ከጎኑ ባዶ ፎልደር ከፍታችሁ ከዚያ ጥሩት። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ የ32 ቢት ሲ ላይብረሪ ሄደሮች ከሌሉ «ስታብስ-32» የተባለ ፋይል ጠፋ ብሎ ሊቆም ይችላል። 32 ቢት ካላስፈለጋችሁ መልቲሊብን (የ32 ቢት ላይብረሪዎችንም አብሮ መገንባትን) ኮንፊገር ስታደርጉ ከመነሻው አጥፉት።

ቀጥሎ ግንባታውን የሚያካሂደው ትእዛዝ፣ ሜክ ነው። ኮምፓይለሩ 3 ጊዜ ይገነባል፦ 1ኛው በነባሩ ኮምፓይለር፣ 2ኛው በ1ኛው፣ 3ኛው በ2ኛው። የ2ኛውና የ3ኛው ኦብጀክት ፋይሎች (ገና ሊንክ ያልተደረጉ የማሽን ኮድ ፋይሎች) ካልተመሳሰሉ ሥራው ይቋረጣል። ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን ንጽጽር አትዝለሉት፤ የተበላሸ ኮምፓይለር የሚጋለጠው እዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ «ኪልድ» የሚል ቃል ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሜሞሪ አልቋል ማለት ነው፤ በሜክ ትእዛዝ ከጄ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር (በአንዴ የሚሠሩትን ሥራዎች ብዛት) ለምሳሌ ከ8 ወደ 2 አውርዳችሁ ሜክን እንደገና ጥሩ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከተጫነ በኋላ አዲሱን የቢን ፎልደር ፓዝ (ሲስተሙ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ከሁሉም አስቀድሙት። የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ተገንብቶ ሲነሳ «ጂሊብሲኤክስኤክስ» የተባለ ቨርዥን አልተገኘም ካለ፣ የሲስተሙን አሮጌ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ እየጫነ ነው፤ ሊንክ ስታደርጉ የአዲሱን ሊብ64 ፎልደር በአርፓዝ (ፕሮግራሙ ሲነሳ ላይብረሪ የሚፈልግበትን ቦታ በውስጡ በሚመዘግበው አማራጭ) አስገቡለት።