ልጁ ከረባት ማሰር እምቢ ሲለው፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ትንሽ ልጅ ከረባት ማሰር ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጣቶቹ አይደለም። እኛ ቆመን የምናሳይበት ቦታና የመረጥነው ሰዓት ነው። ወደ ትምህርት ቤት ለመውጣት አምስት ደቂቃ ሲቀር የተጀመረ ትምህርት በለቅሶ ያልቃል፤ ማታ ወይም በእረፍት ቀን ይሁን።

ግራና ቀኙ ይምታታበታል
ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ስለምታሳዩት የእናንተ ቀኝ ለእሱ ግራ ይሆናል። ሁለታችሁም ጎን ለጎን መስተዋት ፊት ቁሙ፣ ወይም ከኋላው ሆናችሁ እጃችሁን በትከሻው አሳልፋችሁ እሰሩለት። «ቀኝ፣ ግራ» ማለቱን ተዉና «ሰፊው፣ ቀጭኑ» በሉ። ግራኝ ከሆነ ሰፊው በግራ በኩል ይንጠልጠልለት።

መሃል ላይ ይጠፋበትና ይናደዳል
ዋናው ችግር ይሄ ነው። ቋጠሮው ያለው አገጩ ስር ስለሆነ የሚሠራውን አያየውም። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ከረባቱን ጭኑ ዙሪያ አድርጎ ይሰር። ሰፊው በቀጭኑ ላይ ያልፋል፣ በኋላው ይዞራል፣ እንደገና በፊት ይሻገራል፣ ጭኑን (በኋላ አንገቱን) በከበበው ቀለበት ውስጥ ከስር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ፊት ለፊት በተፈጠረው ክፍተት ወደ ታች ይገባል። በቃ። ዊንዘር የሚባለውን ትልቁን አስተሳሰር ለጊዜው እርሱት።

ይህም ከከበደው ከመጨረሻው ጀምሩ። ሁሉን እናንተ ሠርታችሁ ሰፊውን ወደ ታች መክተቱን ብቻ ለእሱ ተዉለት። እሱን ሲለምድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሁልጊዜ ራሱ ስለሚጨርሰው አይሰለችም።

ስፌቱ ፊት ለፊት ይወጣል
ሰፊው በኋላ ሲዞር ጀርባው መታየቱ ትክክል ነው። ልጁ ግን የተገለበጠ ይመስለውና ሊያስተካክል ሲያዞረው ያኔ ይጠማዘዛል። «እዚህ ጋ ስፌቱ ይታያል፣ ተወው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አጭር ወይም ረጅም ይሆናል
ጫፉ ቀበቶው ጋ መድረስ አለበት። ካጠረ ቀጭኑን ከፍ፣ ከረዘመ ዝቅ አድርጎ ይጀምር። ልክ የሆነበትን መነሻ በሸሚዙ ቁልፍ አስይዙት፤ ለምሳሌ «ቀጭኑ ከአራተኛው ቁልፍ ጋ»። ከረባቱ የአዋቂ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ በልኩ ይገዛለት።

ቋጠሮው ይላላል፣ ወይም አንገቱን ያንቀዋል
ሁለት የተለያዩ አጎታተቶች ተደባልቀውበት ነው። ቋጠሮውን ቆንጥጦ ሰፊውን ወደ ታች ሲስብ ቋጠሮው ይጠብቃል። ቀጭኑን ይዞ ቋጠሮውን ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ አንገቱ ጋ ይደርሳል። የላይኛው ቁልፍ አስቀድሞ ይቆለፍ፤ በኮሌታውና በአንገቱ መካከል አንድ ጣት ይግባ። ከፍ ያለ ነገር ላይ ለመውጣትና ለመንጠልጠል ጨዋታ ከረባቱ ይውለቅ፤ የሆነ ነገር ከያዘው አደጋ ነው።

ሳይፈታ በጭንቅላቱ በኩል አውልቆ ይሰቅለዋል
ነገ መልሶ ማሰር እንዳያቅተው ፈርቶ ነው። በጥድፊያ ሳምንት ዝም በሉት፤ ጨርቁ ግን ቋጠሮው ጋ ይጨማደዳል፣ እሱም አይለማመድም። የሳምንቱ ትምህርት ሲያልቅ አብራችሁ ፍቱት። ቀጭኑን ጎትቶ ከማውጣት ይልቅ የታሰረበትን መንገድ ወደ ኋላ ይከተል፤ አለበለዚያ ቋጠሮው ይጠብቅና ጥርስ ይፈልጋል።