ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚመጣው ሐሳብ

ለወራት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እባንን ነበር። «አንተ እኮ አትረባም» የሚል ሐሳብ ይጀምረኛል፤ እስኪነጋ አይለቀኝም። ልከራከረው ሞከርኩ። ባሰበት። ስልክ መነካካቱማ ጭራሽ እንቅልፌን አጠፋው።

በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ወደ አእምሮህ የመጣ ሁሉ ያንተ አይደለም። አማትብና ዳዊትህን ግለጥ» አሉኝ። ሐኪም ዘንድ መሄዴንም አልተቃወሙም።

ማክሰኞ የሚጸለየው የዳዊት ክፍል ከመዝሙር 31 እስከ 60 ነው። 41ኛው ላይ መዝሙረኛው የገዛ ነፍሱን «ለምን ታዝኛለሽ?» ይላታል። ገረመኝ። እኔ ነፍሴን ስሰማት እንጂ ጠይቄያት አላውቅም! አሁን ስባንን ድምፄን አውጥቼ እጠይቃታለሁ። ከዚያ «አቤቱ ማረኝ» እያልኩ ሳላውቀው እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሐሳቡ ዛሬም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ግን ቡና አፍልቼ አላስተናግደውም።